ከራሳችን በላይ ስንት ሰው አለ?

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኮንትራትና ስለ ጤና ነው። የዛሬው ጽሑፍ ግን አንዲት እህታችን በላከችልን የድምፅ መልእክት ምክንያት ወደ ሰማይ ይወስደናል።

እህታችን የምትሠራው በሳዑዲ ዓረቢያ በጂዛን ግዛት፣ ከየመን ድንበር አጠገብ ባለችው አድ-ዳኢር ነው። አገሩ ተራራማ ነው፤ በየእርከኑ ቡና ይበቅልበታል። ስሟ እንዳይጠቀስ ስለ ጠየቀችን አንጠቅሰውም። ነገሩ እንዲህ ነው። በረመዳን ሌሊት የሱሁሩን ምግብ አዘጋጅታ፣ ዕቃውን አጣጥባ፣ ልብስ ለማስጣት ወደ ቤቱ ጣሪያ ወጣች። ሊነጋጋ ሲል ከምዕራብ በኩል አንድ ትልቅ ኮከብ ብቅ አለ። እንደ ሌሎቹ ከዋክብት አይርገበገብም፣ እንደ አውሮፕላን ድምፅ የለውም። ዝም ብሎ እየተጓዘ ሰማዩን አቋርጦ ሄደ። በማግስቱ ያየችውን ስትናገር የቤቱ ትንሽ ልጅ «እሱ ኮከብ አይደለም፤ ውስጡ ሰው አለ» አላት። የሚቀልድባት መስሏት ዝም አለች። ነገሩ ግን ከሐሳቧ ስላልወጣ እኛን ጠየቀች፦ «እውነት ሰው አለበት? ካለስ ስንት ነው? ማንስ ቆጥሯቸው ያውቃል?»

እህታችን፣ ልጁ አልቀለደብሽም። ጥያቄሽም ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ስንፈልግ ሰማዩን ብቻ ሳይሆን እኛንም የሚመለከት ነገር ስላገኘንበት ለሁላችሁም እንዲደርስ በሰፊው ጽፈነዋል። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ያ ኮከብ ምንድን ነው?

እህታችን ያየችው ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ጣቢያ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ የአውሮፓ አገሮች፣ ጃፓንና ካናዳ በጋራ የሠሩት ነው። ስፋቱ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። ከምድር በላይ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ ይዞራል። የሚዞርበት መንገድ ምሕዋር ይባላል። በአንድ ቀን 16 ጊዜ ያህል ስለሚዞር ውስጡ ያሉት ሰዎች በ24 ሰዓት 16 ጊዜ ፀሐይ ስትወጣ ያያሉ።

ከዚህ ሌላ ቻይና ለብቻዋ የሠራችው ቲያንጎንግ የሚባል ጣቢያ አለ። ትርጉሙ የሰማይ ቤተ መንግሥት ማለት ነው። እሱም ከጂዛንም ሆነ ከኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ያልፋል።

ራሳችሁ ማየት ብትፈልጉ ጊዜው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ሰዓታት ውስጥ፣ ወይም ከመንጋቱ በፊት ነው። ያን ጊዜ እኛ ያለንበት ጨለማ ሲሆን ጣቢያው ግን ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ፀሐይ ታበራበታለች፤ የምናየውም ያንን ብርሃን ነው። ከምዕራብ በኩል ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ መሐል ሰማይ ላይ እንደ ደረሰ ድንገት ይጠፋል፤ ይህ የሚሆነው ወደ ምድር ጥላ ሲገባ ነው። ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን አውሮፕላን ነው።

አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር። ከአድ-ዳኢር እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ ቢለካ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣቢያው ልክ ከአናታችሁ በላይ ሲያልፍ ግን ከእናንተ የሚርቀው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እነዚያ ሰማይ ላይ ያሉት ሰዎች በዚያች ቅጽበት ከእናቶቻችሁ ይልቅ ይቀርቧችኋል ማለት ነው። በእነሱ ፍጥነት ከአድ-ዳኢር አዲስ አበባ ለመድረስ ከሁለት ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ይበቃል።

የሚቆጠሩት እንዴት ነው?

ብዙ ሰው እነዚህ ሰዎች የሚቆጠሩት በትልቅ መነጽር ወይም በራዳር ወደ ላይ እየታዩ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ራዳር መንኮራኩሩን ያያል፤ የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ውስጡ ስንት ሰው እንዳለ ግን ሊያይ አይችልም። ቆጠራው የሚካሄደው መሬት ላይ፣ በመዝገብ ነው።

አሠራሩ የዕቁብ ጸሐፊ ከሚሠራው ብዙ አይለይም። መንኮራኩር ሲነሣ የተሳፋሪዎቹ ስም፣ አገርና የሥራ ድርሻ አስቀድሞ ይጻፋል። ሲነሡ ይደመራሉ፤ ተመልሰው ምድር ሲነኩ ይቀነሳሉ። የቀረው ቁጥር ሰማይ ላይ ያለው ሰው ቁጥር ነው። በአሜሪካ ሂውስተን፣ በሩሲያ ሞስኮ አጠገብ፣ በቻይና ደግሞ ቤይጂንግ ያሉት የመቆጣጠሪያ ማዕከሎች ሌሊትና ቀን ተራ እየጠበቁ ከሰዎቻቸው ጋር ይነጋገራሉ።

ከመንግሥታቱም ውጭ በፈቃዳቸው ይህን የሚከታተሉ ሰዎች አሉ። በዓለም በጣም የታወቀው ጆናታን ማክዶዌል ነው። ይህ ሰው ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ በሃርቫርድ-ስሚዝሶኒያን የሥነ ፈለክ ማዕከል የሠራ ሊቅ ሲሆን፣ ወደ ጠፈር የወጣውን ነገርና ሰው ሁሉ እየመዘገበ ማንም እንዲያየው በነጻ ያወጣል።

በቆጠራው ላይ አንድ ክርክር አለ፤ ጠፈር የሚጀምረው ከየት ነው የሚለው። ብዙዎች ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው ይላሉ፤ አሜሪካኖች ግን 80 ኪሎ ሜትር ላይ የደረሰውን ጠፈርተኛ ብለው ይቀበሉታል። ገንዘብ ከፍለው ለጥቂት ደቂቃ ወደ ላይ ወጥተው ወዲያው የሚመለሱ ሰዎችም አሉ። በምሕዋር ላይ ያሉ ሰዎች ቁጥር ሲባል ግን እነዚህ አይገቡም። የሚቆጠረው ምድርን እየዞረ የሚኖረው ነው።

ከአንድ እስከ ዐሥራ ዘጠኝ

ቆጠራው የተጀመረው ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የሶቪየት ኅብረቱ ዩሪ ጋጋሪን ምድርን አንድ ጊዜ ዞሮ በ108 ደቂቃ ተመለሰ። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ቁጥር «1» ነበር፤ ከሁለት ሰዓት በታች ቆይቶ እንደ ገና ዜሮ ሆነ። የመጀመሪያዋ ሴት ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ ሰኔ 9 ቀን 1955 ዓ.ም. ወጣች። ከዚያ በፊት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ሦስት ቀን ያህል ቆይታ በሰላም ተመልሳለች።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቁጥሩ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ሲል፣ አንዳንዴም ዜሮ ሲሆን ኖረ። ጥቅምት 21 ቀን 1993 ዓ.ም. ሦስት ሰዎች ወደ አዲሱ ዓለም አቀፍ ጣቢያ ተነሡ፤ ጥቅምት 23 ቀን ገቡበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ አያውቅም። ብዙ ጊዜ አንዱ ተረኛ ሳይመጣ ሌላው አይወጣም። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ከዚያ ቀን በኋላ የተወለዳችሁ እህቶች፣ የሰው ልጅ በሙሉ ምድር ላይ ያደረበትን አንድ ሌሊት እንኳ አታውቁም።

ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የተለመደው ቁጥር አሥር ገደማ ነው፤ ሰባቱ በዓለም አቀፉ ጣቢያ፣ ሦስቱ በቻይናው። ተረኛ ሲለዋወጥ ግን ለጥቂት ቀን ይጨምራል። ይህን እናንተ በሥራ ቤት ታውቁታላችሁ፤ አዲሷ ሠራተኛ ገብታ የቀድሞዋ ሥራውን እስክታሳያት ድረስ በአንድ ክፍል ሁለት ሆናችሁ ታድራላችሁ። እነሱም ጋ ርክክብ አለ፤ እስኪያልቅ ድረስ ቤቱ ይጠባል።

የአስተናጋጃችሁ አገር ሰዎችም በዚህ መዝገብ ውስጥ አሉ። ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን ሰኔ 10 ቀን 1977 ዓ.ም. በአሜሪካ መንኮራኩር ሲወጡ ከዓረቦች የመጀመሪያው ነበሩ። ግንቦት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ራያና ባርናዊ የምትባል የካንሰር ተመራማሪና ዓሊ አል-ቀርኒ የሚባል አብራሪ ወጡ። ራያና ወደ ምሕዋር ከወጡት የዓረብ ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። የዚያን ሰሞን በየቤቱ ልጆች ቴሌቪዥን ላይ ተተክለው ሲያዩ የነበረው ይህንን ነው። ግንቦት 22 ቀን እነሱ ገና ሳይመለሱ ቻይናዎች ሦስት ሰው ስላስወጡ በምሕዋር ላይ ያለው ሰው 17 ደረሰ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ተቆጥሮ አያውቅም ነበር።

ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ በ1994 ዓ.ም. ወጥቶ ተመልሷል። ከእኛ አገር ወደ ምሕዋር የወጣ ሰው እስካሁን የለም። የወጣው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተተኮሰው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሳተላይት ነው፤ እሱ ደግሞ ሰው አልያዘም።

የእንቁጣጣሹ ቀን

ከ17ቱ በኋላ ያለው ትልቁ ቁጥር የተመዘገበው በእኛው አዲስ ዓመት ቀን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በዋዜማው፣ አራት ሰዎች በግል መንኮራኩር ከአሜሪካ ተነሡ። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ምሽት 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ ሌሎች ሦስት ሰዎች ከካዛኪስታን ተነሡ። በዓለም አቀፉ ጣቢያ አስቀድሞ ዘጠኝ፣ በቻይናው ሦስት ነበሩ። ስትደምሩት 19 ይሆናል። እናንተ ቤት ደውላችሁ እንኳን አደረሳችሁ በምትሉበት በዚያ ምሽት ከራሳችሁ በላይ 19 ሰዎች ይዞሩ ነበር። አምስቱ ሴቶች ናቸው።

ቁጥሩ ብዙ አልቆየም። መስከረም 5 ቀን አራቱ ተመልሰው 15 ቀሩ። መስከረም 13 ቀን ሦስቱ ወርደው 12 ሆኑ። ከወረዱት መካከል ሩሲያዊው ኦሌግ ኮኖኔንኮ ይገኝበታል፤ በአምስት ጉዞዎች በጠፈር የኖረው ቀን ሲደመር ከ1,100 ይበልጣል። ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ነው፤ ከአንድ ተኩል ኮንትራት ይበልጣል።

ቤቱን ማን ያጸዳዋል?

ይህንን ሳንጽፍ ብናልፍ እንደምትቀየሙን እናውቃለን። እዚያ ቤት የቤት ሠራተኛ የለም። ሐኪም ይሁን የጦር አውሮፕላን አብራሪ፣ ሁሉም በየተራው ያጸዳል። ቅዳሜ የጽዳት ቀን ነው። አቧራ እዚያ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ በቫኪዩም ይመጠጣል፣ እጀታውና ግድግዳው በመድኃኒት ይወለወላል፣ መጸዳጃ ቤቱም ይጸዳል። ሲበላሽ የሚጠግኑትም ራሳቸው ናቸው። ላባቸውና ሽንታቸው እንኳ ተጣርቶ እንደ ገና የሚጠጣ ውኃ ይሆናል።

ሥራቸው ከባድ ነው፤ ነገር ግን በሰዓት የተመደበ ነው። ለመኝታ ስምንት ሰዓት ተኩል ይሰጣቸዋል። አጥንትና ጡንቻቸው እንዳይደክም በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ስፖርት ይሠራሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ፣ በቪዲዮ እንዲነጋገሩ ጊዜ ተይዞላቸዋል። ይህ ሁሉ የሚደረግላቸው ስለሚቀማጠሉ አይደለም። የደከመና ናፍቆት የጎዳው ሰው ሥራ ላይ እንደሚሳሳት አሠሪዎቻቸው ስለሚያውቁ ነው።

ከሥራ ሳይመለስ አገሩ የተለወጠበት ሰው

ሰርጌይ ክሪካሌቭ የሶቪየት ኅብረት መሐንዲስ ነበር። ሚር ወደሚባለው የቀድሞ ጣቢያ የወጣው ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ታላላቆቻችን ያን ወር አይረሱትም፤ ከአሥር ቀን በኋላ አዲስ አበባ ላይ መንግሥት ተለወጠ። ክሪካሌቭ አምስት ወር ያህል ቆይቶ ሊመለስ ነበር የታሰበው። ነገር ግን እሱ ላይ ሳለ የአገሩ ነገር ተናጋ። ገንዘብ አጠረ፣ ሊተካው ይችል የነበረው ሰው ጉዞም ተለወጠ፤ እንዲቆይ ተጠየቀ፣ ቆየም። የተወለደበት ከተማ ሌኒንግራድ ስሙ ተለውጦ ሴንት ፒተርስበርግ ተባለ። በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. የላከው አገር ሶቪየት ኅብረት ፈረሰ። ኮንትራቱን የፈረመለት መንግሥት የለም፣ እሱ ግን ገና ሥራ ላይ ነው።

ወደ ምድር የተመለሰው መጋቢት 16 ቀን 1984 ዓ.ም. ከ311 ቀን በኋላ ነው። ያረፈበት ምድር ካዛኪስታን ሲነሣ የአገሩ ክፍል ነበር፤ ሲመለስ ሌላ ነጻ አገር ሆኗል። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ ግን ስሙ ከመዝገብ አልወጣም። አገሩ ሲፈርስ እንኳ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ከእሱ ጋር መነጋገሩን አላቋረጠም። ይኸው ክሪካሌቭ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. አዲሱን ጣቢያ ከከፈቱት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኖ ተመልሶ ወጥቷል።

ሁለት ባዶ ወንበሮች

የቅርቡ ታሪክ ደግሞ የቡች ዊልሞርና የሱኒታ ዊሊያምስ ነው። በእንቁጣጣሹ ከተቆጠሩት 19 ሰዎች ሁለቱ እነሱ ናቸው። ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በአዲስ መንኮራኩር የወጡት ለስምንት ቀን ያህል ነበር። መንኮራኩሯ በጉዞ ላይ ጋዝ አፈሰሰች፣ አንዳንድ ሞተሮቿም አስቸገሩ። ሰው ይዛ እንድትመለስ የሚደፍር ጠፋ። ብዙ ከተመከረ በኋላ በጳጉሜን መጀመሪያ ባዶዋን ተመለሰች፤ ሁለቱ ግን እዚያው ቀሩ።

ቀጥሎ ለሚሄደው መንኮራኩር አራት ሰዎች ተመድበው ለብዙ ጊዜ ተዘጋጅተው ነበር። መንኮራኩሩ አራት ሰው ነው የሚይዘው። ከአራቱ ዜና ካርድማንና ስቴፋኒ ዊልሰን የሚባሉት ሁለት ሴቶች ወንበራቸውን እንዲለቁ ተወሰነ። መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. መንኮራኩሩ ሁለት ሰውና ሁለት ባዶ ወንበር ይዞ ተነሣ። እነዚያ ባዶ ወንበሮች የዊልሞርና የዊሊያምስ መመለሻ ነበሩ። ሁለቱም ተራቸውን ጠብቀው፣ እንደ ማንኛውም ተረኛ እየሠሩ ቆይተው፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ፍሎሪዳ አጠገብ ባሕር ላይ አረፉ። ስምንት ቀን የተባለው 286 ቀን ሆነ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የያዝነው ያንን ባዶ ወንበር ነው። መመለሻ የተዘጋጀላቸው ስለ ታወቁ ነው። ስንት እንደ ሆኑ፣ እነማን እንደ ሆኑ፣ ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንዳሉ የማያውቅ ሰው ስንት ወንበር ባዶ አድርጎ እንደሚልክ ሊያውቅ አይችልም። ለዚህም ዓለም ሕግ አውጥቷል። በ1959 ዓ.ም. በተፈረመው የጠፈር ስምምነት ጠፈርተኞች የሰው ልጅ ሁሉ መልእክተኞች ተብለዋል። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሌላ ስምምነት ደግሞ ጠፈርተኛ በአደጋ ምክንያት በማንም አገር ምድር ላይ ቢወድቅ ያ አገር ሊረዳውና ሳይዘገይ ሊመልሰው ይገባል ይላል። ቪዛ ይዘሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

እኛን ማን ይቆጥረናል?

እህታችን ኮከቡን ያየችበት የአድ-ዳኢር ጣሪያ ከድንበሩ ሩቅ አይደለም። ያን ድንበር በእግር ለማቋረጥ ከሐረርጌ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከጅማ የተነሡ ስንት ወንድሞችና እህቶች በጅቡቲና በሶማሊያ በኩል ባሕሩን ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው መጥተዋል! ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በዚያ ድንበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በድንበር ጠባቂዎች እንደ ተገደሉ ገልጿል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱ መሠረት የለውም ብሎ አልተቀበለውም። የሟቾቹ ቁጥር የሚነገረው በግምት ነው። አንድ በአንድ በስም አልተጠራም። በየመንደሩ «ልጄ የመን ገባሁ ካለኝ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም» የምትል እናት አለች።

የሚመለሱትን በተመለከተ መዝገብ አለ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ቦሌ ላይ ሲወርዱ ተመዝግበዋል። ችግሩ በመሄጃው ነው። ከመካከላቸው ሲሄዱ የትም ስማቸው ያልተጻፈ ብዙዎች ነበሩ። ሲሄድ ያልተጻፈ ሰው ደግሞ ባይመለስ ጎደለ የሚለው ቤተሰቡ ብቻ ነው።

እኛ የጠፈር መቆጣጠሪያ ማዕከል የለንም። ነገር ግን የእነሱ ሥራ ዋናው ነገር ትልቁ ማሽን አለመሆኑን አይተናል፤ መሬት ላይ ስም የተጻፈበት መዝገብና ያንን መዝገብ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ይህን እኛም በደብተርና በስልክ ልናደርገው እንችላለን። ስለዚህ የሚከተለውን እንድታደርጉ እንመክራችኋለን።

አንደኛ፣ አገር ቤት አንድ የምታምኑትን ሰው ምረጡ፤ እናት፣ ወንድም ወይም ጓደኛ ሊሆን ይችላል። በደብተሩ ላይ ሙሉ ስማችሁን በፓስፖርታችሁ ላይ እንደ ተጻፈው፣ የፓስፖርትና የኢቃማ ቁጥራችሁን፣ የአሠሪያችሁን ስምና ስልክ፣ የምትሠሩበትን ከተማና ሰፈር ያስፍር። «ሳዑዲ ናት» ማለት ብቻውን አድራሻ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የፓስፖርታችሁን፣ የኢቃማችሁንና የኮንትራታችሁን ፎቶ ለዚያው ሰው ላኩ። በሙሳነድ በኩል የመጣችሁ ኮንትራታችሁ እዚያ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ቅጂው ግን በቤተሰባችሁም እጅ ይኑር።

ሦስተኛ፣ ቤት ስትቀይሩ፣ ስልክ ስትለውጡ፣ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄዱ ደብተሩ እንዲታረም አድርጉ። ያልታረመ መዝገብ የተሳሳተ ቤት ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ የምትደውሉበትን ቀን ወስኑ። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብም ይሁን በየወሩ መጀመሪያ፣ ቀኑ የታወቀ ይሁን። ቀኑ ሁለት ጊዜ ካለፈ ያ ሰው ለማን መደወል እንዳለበት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኢትዮጵያ በሪያድ ኤምባሲ፣ በጅዳ ደግሞ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አላት፤ ቁጥራቸውን ሁለታችሁም ጋ ጻፉት።

አምስተኛ፣ ስልክ ሊጠፋ ወይም ሊወሰድ ይችላል። ቢያንስ አንድ ስልክ ቁጥር በቃላችሁ ያዙ።

ስድስተኛ፣ አጠገባችሁ ያለችውን እወቋት። ፎቅ ላይ ልብስ ስታሰጡ በማዶ ቤት የምታዩአት ልጅ ስሟ ማን ነው? የማን ልጅ ናት? አንድ ወር ሙሉ ካልታየች ማን ይጠይቅላታል? ሰላም ስትሏት ስሟንና አገሯን ጠይቁ፤ የእናንተንም ንገሯት።

መንገድ ላይ ያለ ወንድም ወይም እህት ያላችሁም የሄደበትን ቀን፣ አብረውት የሄዱትን ልጆች ስም፣ በመጨረሻ የደወለበትን ቦታ ጻፉ። በባሕር መምጣቱን ብንችል እናስቀር፤ ካልቻልን ግን ሳይጻፍ አይሂድ።

እህታችን ሆይ፣ ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው ነው። አዎ፣ ያ ኮከብ ውስጥ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ በሁለቱ ጣቢያዎች አሥር ያህል ናቸው፤ አንድ ቀን ዐሥራ ዘጠኝ ሆነው ያውቃሉ። ከጋጋሪን ጀምሮ ምድርን የዞሩት ሁሉ ቢደመሩ ከ600 ይበልጣሉ፤ ሁሉም በስም ይታወቃሉ። እኛ ደግሞ ያንቺን ስም፣ የአሠሪሽን ስልክና የእናትሽን ቁጥር በደብተራችን ላይ ጽፈናል። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እንደምትደውዪ ነግረሽናል፤ እንጠብቃለን። ማታ ጣሪያው ላይ ስትወጪም ለዚያ ልጅ ልክ ነበርክ በዪው።